ጌሙ ከትልቁ ሱቅ የወጣ ሳምንት

ያን ክረምት ወንድሜ ማንኩሽ አካባቢ በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት ከተቀጠረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። እኔ አሶሳ ከእናታችን ጋር ነው የምኖረው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። በእሱ በኩል በጸጥታ ችግር የስልክ ኔትወርክ ሲጠፋ ለአንድ ሁለት ቀን መስሎን ነበር። ሳምንት ሆነ፣ ከዚያም ወር አለፈ። በስልክ መልእክት የምንላላክባቸው መተግበሪያዎችም አልከፈት አሉ። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ይባላል፣ በማግስቱ ተዘጋ።

በዚያ ሁሉ መሀል የወንድሜን ደህንነት የምናውቀው በጌም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱ ከመሄዱ በፊት ሁለታችን አብረን የምንጫወተው የጭነት መኪና መንዳት ጌም ነበረን። የገዛነው ዓለም ሁሉ የኮምፒውተር ጌም ከሚገዛበት ከአንድ ትልቅ የኢንተርኔት ሱቅ ነው። ሱቁን ኮምፒውተር ላይ ትጭነዋለህ፤ የገዛኸውን ሁሉ ያስቀምጥልሃል፣ የጓደኞችህንም ስም በጎን በኩል ይደረድርልሃል። ሰውየው ገብቶ ከሆነ ስሙ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ይበራል፤ ከወጣ ግራጫ ይሆናል። ወንድሜ ያለበት የሠራተኞች ካምፕ የሳተላይት ሳህን ተክሎ የራሱ ኢንተርኔት ነበረው፤ እኛም ቤት የገመድ መስመር አለን። ሌላው ሁሉ ሲዘጋ ያ ሱቅ ለምን እንደሚከፈት አልገባኝም፤ ማንንም አልጠየቅሁም። ብጠይቅ የሚዘጋ ይመስለኝ ነበር።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ በእረፍት ሰዓቱ፣ ይገባል። “አለሁ” ብሎ ይጽፋል። “አለን” እለዋለሁ። አንዳንዴ ትንሽ እንነዳለን፤ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ ኬላ በሌለበት አስፋልት ላይ። አብዛኛውን ጊዜ ግን በዚያች በአንድ ቃል እንለያያለን። እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ በደርግ ጊዜ በሰፈራ የመጣች። ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም፤ ግን ሰዓቱን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች በሩ ላይ ትቆምና፣

“በራ?” ትለኛለች።

“በርቷል እማዬ።”

“ተመስገን” ብላ ትመለሳለች።

ሐምሌ ውስጥ ጌሙን ስከፍት ማስታወቂያ ወጣ። ጌሙን የሠራው ትልቅ ድርጅት ከዚያ ሱቅ ሊወጣ ነው። ከተባለው ቀን በኋላ የሚገኘው ድርጅቱ ራሱ በከፈተው አዲስ ሱቅ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የገዛ ሰው እዚያ ተመዝግቦ በነፃ ይወስዳል። አንብቤ ዘጋሁት። ለወንድሜም በጨዋታ መልክ ነገርኩት። “አይቻለሁ፤ ጊዜ ሲኖረኝ አየዋለሁ” አለኝ።

በዚያው ሰሞን ይህንኑ ነገር ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተከራክረንበታል። ፊዚክስ ያስተምራል፤ እሱም ጌሙን ይጫወታል።

“ደግ አደረጉ!” አለኝ። “ሠርተው ያመጡት እነሱ፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ የሚቆርጠው ባለሱቁ። በራሳቸው ደጅ ቢሸጡ ምን ነውር አለው? ይልቅ አንድ ሱቅ ብቻውን ዓለምን ሲይዝ አያስፈራሽም?”

“ያስፈራኛል” አልኩት። እውነቴን ነበር። አንድ ሱቅ ሁሉን ሲይዝ ነገ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? ተስማምተን ተለያየን። ያ ቃሌ በኋላ ብዙ ቀን አንገበገበኝ።

እሑድ ዕለት ጌሙ ከሱቁ ወጣ። ሰኞ ከምሳ በኋላ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የወንድሜ ስም ግራጫ ነው። ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልኩ። እናቴ መጣች።

“በራ?”

“ገና ነው።”

አሥር ሰዓት ሲሆን ጎረቤታችን አጥራችን ላይ ቆሞ ተጣራ። እሱ የአካባቢው ተወላጅ የበርታ ሰው ነው፤ ከኩርሙክ ዕቃ እያመጣ አሶሳ ይሸጣል። እናቴና እሱ እንደ እህትና ወንድም ናቸው። አማርኛ የተማረው በገበያ ስለሆነ እኔንም እናቴንም “አንተ” ነው የሚለን። ያን ቀን ፊቱ ልክ አልነበረም። እኔን ወደ ጎን ሳበኝ።

“በማንኩሽ መንገድ መኪና ተመቷል ይላል ሰው። የሠራተኛ መኪና። እኔ አላየሁም። ወላሂ፣ ወሬ ነው። ግን አንተ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ብዬ።”

“መቼ?”

“ትናንት። እሑድ።”

አጥሩን ይዤ ቆምኩ። እሑድ ጌሙ ወጣ፤ እሑድ መኪና ተመታ፤ ሰኞ ወንድሜ የለም። አእምሮዬ አንዱን ምክንያት ይይዝና “ወደ አዲሱ ሱቅ ሄዶ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም” ይለኛል። ሆዴ ግን አይሰማውም። ለእናቴ ምንም አልነገርኳት። እሷ ግን ፊቴን አይታ እንጀራውን ሳትነካ አነሳችው።

ማክሰኞም ግራጫ። ረቡዕም። በኢሜይል ጻፍኩለት፤ መልስ የለም። ወደ ስልኩ ስደውል ያቺ የተቀዳች ሴትዮ የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም ትለኛለች። መናኸሪያ ሄጄ ከዚያ በኩል የመጡ ሹፌሮችን ጠየቅሁ፤ አንዱ “አራት ሰው ነው የሞተው” አለኝ፣ ሌላው “ኧረ ማንም አልተጎዳም፣ ጎማ ነው የፈነዳው” አለኝ። ሁለቱም በዓይናቸው አላዩም። ስመለስ እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

“አንቺ ልጅ፣ ምን ሰምተሽ ነው? ንገሪኝ። ሞቶ እንደሆን ልቀመጥለት።”

“እማዬ ሙች! እንዲህ አትበይ። ሱቁ ነው የተዘጋው።”

“የምን ሱቅ?”

ላስረዳት ሞከርኩ። አዳምጣኝ አዳምጣኝ፣ “ታዲያ ሱቅ ቢዘጋ ሰው ይጠፋል?” አለችኝ።

የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር፤ እኔም ወደ አዲሱ ሱቅ ሄጄ እዚያ መፈለግ። አዲሱን ፕሮግራም ለመጫን ብዙም አልፈጀብኝም። ጓደኛ መፈለጊያው ግን ያለው ጌሙ ውስጥ ነው፤ ጌሙ ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው መውረድ አለበት፤ የትየለሌ ነው። በእኛ መስመር አንድ ሙሉ ሌሊት ይፈጃል። ያም ባልከፋ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር አሮጌው ሱቅ ካቆመበት ይቀጥል ነበር፣ አዲሱ ግን ሀ ብሎ ይጀምራል። ሁለት ጊዜ ግማሽ ደርሶ ከዜሮ ተነሳ። በሁለተኛው ጊዜ ጠረጴዛውን በቡጢ መትቼ አለቀስኩ።

ለቅሶዬን የሰማው ጎረቤታችን ነው። ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ጄኔሬተሩን ራሱ እየገፋ አመጣልን። ናፍጣ ሲሞላ እየተነፈሰ እንዲህ አለኝ፦

“እኛም ድሮ ገበያ ትተን ነበር። እኔና ጓደኛዬ። ገበያ ደላላ አለ፣ ይበላል። ስለዚህ በቀጥታ ከገበሬ እንገዛለን፣ በቀጥታ እንሸጣለን። ጥሩ ነው፣ ትርፍ አለ። አንድ ቀን ጓደኛዬ መንገድ ላይ ታመመ። ሦስት ቀን ማንም አላወቀም። ገበያ ቢሄድ ኖሮ፣ ‘ያ ሰውዬ ዛሬ የት አለ?’ ይባላል። ገበያ ዕቃ ብቻ አይደለም።”

“ሞተ?”

“የለም፣ አልሞተም። አልሐምዱሊላህ። አሁንም በቀጥታ ይሸጣል” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ጌሙ ወርዶ አለቀ። የወንድሜን መጠሪያ ጻፍኩ። አንድ ሰው ወጣ፤ ግን በሌላ አገር የሚኖር የማናውቀው ሰው። ስሙን ቀድሞ ወስዶታል። ስለዚህ ወንድሜ መጥቶ ከሆነ በሌላ ስም ነው የገባው። የትውልድ ዓመቱን ጨምሬ ሞከርኩ። የለም። የአባታችንን ስም ጨመርኩ። የለም። የሰፈራችንን ሞከርኩ፤ የለም። አንድ ሰው በሕይወት መኖሩን በፊደል ግምት መፈለግ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ለሌላ ሰው ለማስረዳት ይቸግረኛል። እያንዳንዱ “አልተገኘም” መርዶ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ታያለች።

“ምንድን ነው የምትጽፊው?”

“ስሙን። ምን ብሎ ራሱን እንደጠራ አላውቅም።”

ትንሽ አሰበች። “ወባ በያዘው ጊዜ እኔ የምጠራውን ሞክረሻል?” አለችኝ።

አልሞከርኩም። በዚያ ስም የምትጠቀመው እሷ ብቻ ናት፤ ልጅ ሳለ ትኩሳት ሲይዘው ግንባሩን እየዳበሰች የምትጠራው የቁልምጫ ስም ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ማንም የወሰነው ነገር የለም። በአንድ መንገድ ጻፍኩት፤ የለም። አንድ ፊደል ደገምኩ፤ የለም። መጨረሻውን ቀየርኩ። አንድ ሰው ወጣ። ምስሉ ላይ ቀይ የጭነት መኪና አለ፤ ወንድሜ ሁልጊዜ የሚነዳው ዓይነት።

ግን አልገባም። መቼ ገብቶ እንደነበረም አይናገርም። ከእሑድ በፊት ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። የጓደኝነት ጥያቄ ላክሁና ወንበሩ ላይ ቀረሁ። እናቴ መሬት ተቀምጣ እግሬን ይዛለች። ሰባት ሰዓት አለፈ። ስምንት ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርሳችን አንሰማማም። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ብቅ አለ፦

“አንቺ ነሽ? ማረጋገጫ ስጪኝ። እማዬ ከወባ ስታሳክመኝ የሸጠችው ምን ነበር?”

“ቀይዋን ፍየል” ብዬ ጻፍኩ።

“የት ጠፋችሁ? አሶሳ ውስጥ ችግር አለ ሲሉኝ ሞታችኋል ብዬ ነበር እኮ። አምስት ቀን እህል አልበላሁም!”

ይህን ለእናቴ ሳነብላት አልገባትም። ሁለተኛ አነበብኩላት። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ለካ እኛ እሱን ስንፈራ እሱ እኛን ሲፈራ ነበር የከረመው። ላፕቶፑ ላይ ቦታ ስላልነበረው አዲሱን ለመጫን አሮጌውን ሱቅ አጥፍቶታል። በኋላ ስንጠፋበት መልሶ ሊጭነው ሲል ሱቁ በስልክ የሚላክ ቁጥር ጠየቀው፤ ስልኩ ደግሞ ኔትወርክ የለውም። ኢሜይሉም እንደዚያው። በአዲሱ ሱቅ ውስጥ በየቀኑ ስሜን ሲፈልግ ነበር፤ እኔ ጋ ደግሞ ጌሙ ገና እየወረደ ነበር። በመንገዱ ላይ የተመታው መኪና እውነት ነበር፤ የእሱ አልነበረም። ውስጡ የነበሩትን ሰዎች አላውቃቸውም። የእነሱም እናቶች በዚያ ሳምንት የሆነ ነገር ሲጠብቁ ነበር፤ ይህን ሳስብ ደስታዬ ይጎመዝዘኛል።

መንገድ ተከፍቶ ወንድሜ በጥቅምት ሲመጣ ከስቶ ነበር። የፊዚክስ መምህሩም ሊጠይቀው መጣና ያንኑ ክርክር አነሱት። የሚገርመው ወንድሜ ከእሱ ጋር ወገነ።

“መብታቸው ነው” አለ። “የሠራ ሰው በፈለገበት ይሽጥ።”

“ይሽጥ” አልኩ። “እኔ ሻጩ የት ይሽጥ አላልኩም። ግን ሲወጡ ገዢውን ብቻ ሳይሆን ገዢዎቹን እርስ በርስ ያገናኘውን ክር ይዘው ነው የሚወጡት። በሁለቱም ሱቅ ቢሸጡት ምን ነበረበት? ቢያንስ ‘ጓደኛህ እዚህ አለ’ የምትል አንዲት መስመር ቢተዉ?”

አሳምኛቸው እንደሆነ አላውቅም። ለድርጅቱም ጽፌ ነበር፤ ስለ አስተያየቴ የሚያመሰግን፣ ማሽን የጻፈው መልስ መጣልኝ።

ወንድሜ ወደ ሥራው ከመመለሱ በፊት አንድ ነገር አደረግን። በየሱቁ ያለውን መጠሪያውን፣ የካምፕ ጓደኛውንም መጠሪያ ጭምር፣ በትልቅ ወረቀት ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። እናቴ ፊደሉን ባታነብም ቀርባ በጣቷ ቆጠረችው።

“ይኼ ሁሉ የእሱ ስም ነው?”

“አዎ እማዬ። የመጨረሻው ብቻ የጓደኛው ነው።”

“እኔ የወለድኩት አንድ ወንድ ነው” አለችና ወረቀቱ እንዳይወድቅ ጥጉን በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው።