ከወጪ ቀሪ ኪሎሜትር

የእህቴ ባል ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ ማተሚያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ሠራተኛው በሙሉ «ቆላፊው» ይለዋል። አዲስ እስክሪብቶ የፈለገ ሰው ያለቀውን ይዞ መምጣት ነበረበት፤ ቆላፊው ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጎ ጭላጭ ቀለም ካገኘ «ገና ነው» ብሎ ይመልሰዋል። መለዋወጫው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ማሽን ሁለት ቀን የቆመበት ጊዜ አለ። ጡረታ ሲወጣ የምስጋና ወረቀት ሰጡት፤ በሰጪዎቹ ፊት ላይ ያየሁት ግን እፎይታ ነው።

በወሩ የኤሌክትሪክ መኪና አማረው። መግዛት ይሻላል ወይስ የሦስት ዓመት ኪራይ እያለ ሁለት ደብተር ጨረሰ። በመጨረሻ ኪራዩን መረጠ።

«ባትሪው ሲደክም የእነሱ ራስ ምታት ነው» አለኝ። «እኔ አስረክቤ ውልቅ።»

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ይህን አልክደውም። ውሉ ግን በዓመት ከአሥር ሺህ ኪሎሜትር በላይ የነዳ ለትርፉ ይከፍላል ይላል። ይህቺን መስመር ካነበበ በኋላ አሥር ሺው ኪሎሜትር በዓይኑ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ሆነ። ያልወጣ ዕቃ ደግሞ አለ ማለት ነው። መኪናዋን ሲመልስ የተረፈው ተቆጥሮ ገንዘቡ እንደሚመለስለት ለአፍታም አልተጠራጠረም፤ ማንንም አልጠየቀም። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ተቀመጠች።

እህቴ አስተማሪ ነበረች። ልጅ ሳለሁ እጄን ይዛ ትምህርት ቤት ስትወስደኝ እሷ ትራመዳለች፣ እኔ እሮጣለሁ። ዛሬም ኮሪደር ላይ ፈጠን ያለ የጫማ ኮቴ ስሰማ ዞር እላለሁ። ያቺ እህቴ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐኪሙ ቁርጡን ነገራት፦ ሦስት ወር ሙሉ በሳምንት ሁለቴ ለፊዚዮቴራፒ ካልመጣች ጉልበቷ እንደደረቀ ይቀራል። ሆስፒታሉ ከቤታቸው ዘጠኝ ኪሎሜትር ነው።

ቆላፊው ሁለት ጊዜ አደረሳት። በሦስተኛው «አውቶቡሱ እኮ በሩ ላይ ነው የሚያወርድሽ» አላት። የአውቶቡሱ ደረጃ ከፍ ያለ ነው፤ አንድ ቀን ሞከረችው፣ ከዚያ ቀረች። እኔ ስደውል ግን «እየሄድኩ ነው፣ ደህና ነኝ» ትለኛለች። ባሏን መሸፈን ከሠርጓ ማግስት የጀመረችው ሥራ ነው።

አምስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስሄድ ሸራው ተገፍፏል፤ እህቴ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላለች፣ እሱ በመስኮቱ አጎንብሶ ይለምናታል።

«ውረጂ እንጂ አንቺ ሴት፣ ጎረቤት ያያል።»

«ይይ። ወይ ውሰደኝ፣ ወይ ምሳዬን እዚህ አምጣልኝ።»

«የተረፈውን እኮ ይመልሱልናል።»

«ማን ነገረህ፣ ጋሼ?» አልኩት።

«ይሄ ይጠየቃል? ላልተጠቀምክበት ከፍለህ ትቀራለህ?»

«እስቲ ደውል፣ እንስማ።»

ሊያሳፍረን ፈልጎ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ለአከራዩ ድርጅት ደወለ። ያነሳችው ልጅ ጥያቄውን ሁለቴ አስደገመችው።

«አይ አባቴ፣ የሚመለስ ነገር የለም። ወደሚቀጥለው ዓመትም አይተላለፍም። ይንዱበት እንጂ።»

ሳቋን ለመዋጥ ሞክራ ነበር፤ አልሆነላትም።

ፊቱ አመድ መሰለ። ለሚስቱ ጉልበት ያልደነገጠ ሰው ላልነዳው ኪሎሜትር ሲደነግጥ ቆሜ አየሁት። ገብቶ መሪውን ያዘ፤ እኔም ከኋላ ገባሁ።

ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የእህቴን እግር በቀስታ አጠፈች። መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ደግማ ሞከረች። እህቴ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ከንፈሯን ነከሰች።

«ዘገዩ እኮ፣ እናቴ» አለች ባለሙያዋ። «ትንሽ ይሻሻል ይሆናል። እንደ ድሮው ግን፣ አልዋሽዎትም፣ አይሆንም።»

ቆላፊው ወደ ባለሙያዋ ጠጋ አለ።

«ሌላ ሆስፒታል የለም?» አላት። «ራቅ ያለ ቢሆንም ግድ የለም። ኪሎሜትር ሞልቶናል።»

ባለሙያዋ ምን እንደምትመልስ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። እህቴ አልጋውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ክንዴን ያዘችና «ታክሲ ጥራልኝ» አለችኝ።