የያርጋል ድንኳን ጨረታ

ያርጋል የሰሜን ተራሮችን ለሚወጡ ቱሪስቶች ምግብ የሚያበስል ኩክ ነው። ዘንድሮ ዕቃ የሚጭንባት በቅሎው ገደል ገባችበት። ለኅዳር የቀጠሩት ፈረንጆች ደግሞ የሚፈልጉት በቅሎ ያለውን ነው፤ ካልገዛ ሥራው ቀረ ማለት ነው። የሚሸጥ ነገር ቢፈልግ ያለው አንድ ደንበኛው ትቶለት የሄደ ድንኳን ብቻ ሆነ። እኔ ጎረቤቱ፣ ደባርቅ ገበያ አውጣው አልኩት። እሱ ግን ያገለገለ ዕቃ የሚጫረትበት የቴሌግራም ግሩፕ አግኝቷል። ምክር ቢሰማ ኖሮ ያርጋል አይባልም ነበር።

መጀመሪያ ዋጋ የሰጠው የጎንደር ሰው ነው። ስለ ዚፑ ጠየቀ፣ ውሃ ያስገባ እንደሆነ ጠየቀ፤ የምር ገዢ ነበር። ያርጋል በደስታ የግሩፑን ሊንክ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ላከ። ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው።

የእኛ ሰው ጨረታ የሚያውቀው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። በንግሥ ቀን ጥላ ይወጣል፤ ያሸነፈው ገንዘቡን ለደብሩ ሰጥቶ፣ ጥላውን «ለሌላ ይጫረት» ብሎ ይመልሳል፤ እልል ይባላል። የዳባቷ አክስቱ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ «ስለ ወገቤ ጨምሬያለሁ» ብለው ጻፉ። የመካነ ብርሃኑ አጎቱ ጋሼ ገዱ ስለ ልጃቸው ፈተና ጨመሩ። የጎንደሩ ሰው «ድንኳኑ ይፈውሳል እንዴ?» ብሎ ከግሩፑ ወጣ።

እትዬ አሸነፉ። ያርጋል ደወለላቸው።

«እትዬ፣ ገንዘቡን መቼ ይልኩልኛል?»

«አስገባሁት እኮ ልጄ፣ በእናንተው ደብር ሒሳብ። ድንኳኑም ለሌላ ይጫረት።»

ደግሞ አወጣው። ጋሼ ገዱ አሸነፉ፤ ብሩ ያው ደብር ገባ። አንዲት የማናውቃት ሴት ከዛሪማ በድምፅ መልእክት እልልታ ላከች። እኔ ሳቄ አልቆም ቢለኝም አንጀቴ አሮ ነበር።

ያርጋልን ይዤ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ወደ አባ ወልደ ሩፋኤል ሄድኩ።

«አባቴ፣ ገንዘቡ እኮ የበቅሎዬ መግዣ ነበር» አለ ያርጋል።

«ሰው የተሳለውን እንዴት ብዬ ልመልስ፣ ልጄ?» አሉ፤ ከልባቸው አዝነው። «እንዲያውም ምእመናኑ ስለት የተሰጠበት ድንኳን ሰው ቤት ምን ይሠራል እያሉ ነው።»

እሑድ ያርጋል ድንኳኑን በጀርባው ተሸክሞ ለደብሩ ሊሰጥ ወሰደ። ፈረንጆቹ ያን ዕለት ጠዋት ሌላ ኩክ ይዘው ወደ ጊች ወጥተዋል። ከቅዳሴ በኋላ ስሙ ተጠርቶ ቅጥሩ በእልልታ ሲናጥ ያርጋል አለቀሰ። ለዚሁ ብለው ከዳባት የመጡት እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ የደስታ መስሏቸው፣ እንባውን በነጠላቸው እየጠረጉ «ሌላም ዕቃ ካለህ አውጣው» አሉት።