የአባትየው ዋስ

ከባሌ ለምን እንደተፋታሁ እዚህ አልጽፍም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ የማያውቁትም ሳያውቁት ኖረዋል። የምጽፈው ልጄን እንዴት እንዳስመለስኩ ነው፤ በሕይወት ያሉት ዘመዶቹ ዛሬ ታሪኩን አሳምረው ሲያወሩት እሰማለሁና።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። ተፋትቼ ሞጣ ወላጆቼ ቤት ስገባ፣ ጡት ከጣለች ብዙም ያልቆየች ልጄን የአባቷ እናት ብቸና አስቀረቻት። «የአባቷ ቤት ነው» ይሉኛል። በዚያ ቤት የአባቷ ነገር ቢፈለግ ባርኔጣው እንኳ አይገኝም። እሱ ደጀን ነው፤ ከጭነት መኪና ሾፌሮች ጋር ይውላል። ምን እንደሚሠራ የጠየቅሁት ሁሉ «ሥራ ላይ ነው» ይለኛል። ለፋሲካ ብቅ ይልና ወጡ ሳይበርድ መኪና ሊያመልጠኝ ነው ብሎ ይነሣል።

ብቸና ፍርድ ቤት ከሰስኩት። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ከወንድሜ ጋር ከሞጣ እንመጣለን፤ እሱ አይቀርብም። ልጄን የማያት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አያቷ የገበያ በግ ይመስል ከአጥሩ ወዲያ አቁማ ታሳየኛለች። አንድ ቀን ልጄ «እትዬ» ብላ ጠራችኝ። ጎረቤቶቻቸውን የምትጠራው እንደዚያ ነበር። ያን ዕለት ጉዳዩ እንዳይዘገይብኝ ፈራሁ፤ ፍርዱ እስኪመጣ ልጅቷ እናትነቴን ልትረሳው ነው።

በመጨረሻ ቀረበ። አዲስ ካፖርት ለብሷል፣ ፀጉሩን ቅባት አጥግቦታል። «ልጄን የማሳድጋት ራሴ ነኝ፣ ከእንግዲህ ከብቸና ንቅንቅ አልልም» አለ። ዳኛው አመሉን ያውቁታልና፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲቀርብ ዋስ ጥራ አሉት። አጎቱ ተነሡ። መሪጌታ ናቸው፤ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ብድግ ይልላቸዋል። ዋስ መሆናቸው አልበቃ ብሏቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«እናት ማሳ ናት፤ እህሉ የዘሪው ነው።»

ችሎቱ ሳቀ። ወንድሜም ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ።

ቀጠሮው ደረሰ፤ ባለካፖርቱ የለም። ዋስ የሆነ ሰው ሰውየውን ካላቀረበ ራሱ ይያዛል፤ ለመሪጌታም የተለየ ሕግ አልነበረም። ዳኛው ፈልገው እንዲያመጡት ጥቂት ጊዜ ሰጧቸው። ሽማግሌው በቅሎ ጭነው ደጀን ወረዱ። ጠጅ ቤቱን ጠየቁ፣ የሾፌሮቹን መኝታ ቤት ጠየቁ፤ የዓባይን ድልድይ ተሻግሯል ያላቸውም አለ። የቅኔ ተማሪዎቻቸውን ትተው ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት መዞራቸውን ስሰማ አላዘንኩላቸውም።

ተመልሰው ችሎት ቆሙ። ያ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።»

ዳኛው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «መሪጌታ፣ እርስዎ በበቅሎ ዞረው ያጡትን አባት ይህች ሕፃን በየት በኩል ታግኘው?»

 ከመሪጌታ ቀድሜ እኔ መለስኩ።

«ዘሪውማ ለአረሙ አልመጣም፤ ለአጨዳው ይመጣ ይሆናል።»

ዳኛው ዝም በይ አሉኝ። ያሰብኩትን ግን ተናግሬ ጨርሻለሁ።

ልጄ ተፈረደችልኝ። አያቷ ልብሷን እንኳ ሳትሰጠኝ በሩን ዘጋችው፤ በነጠላዬ ጠቅልዬ ሞጣ አስገባኋት። መንገዱን ሙሉ እትዬ ስትለኝ ሄደች። እማዬ እስክትለኝ ክረምቱ ወጣ።

ለአጨዳው መጣ። ልጄ ስትዳር ሽማግሌዎች ከዳሱ በር ላይ አቁመውት ገቡና፣ በአባት ቦታ ተቀምጦ እንዲመርቃት ፍቀጂለት አሉኝ። ካፖርቱ ያው ነው፤ ክርኑ ላይ አልቋል። መሪጌታው ከዚያ በፊት ሞተዋል።

«ምርቃቱ እስኪያልቅ እንደማይሄድ ዋስ ይጥራ» አልኳቸው።

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ። እሱ ከበሩ ላይ ዘመዶቹን በዓይኑ ቢፈልግ ሁሉም ወደ ሳህናቸው አቀረቀሩ። በአባት ቦታ ወንድሜ ተቀመጠ፤ እሱንም ያስቀመጥኩት ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው።