ከካርታ የደበቅናቸው ምንጮች

የልጅ ልጆቼ «በደርግ ጊዜ የመንግሥት ሰው ዋሽተሻል አሉ፤ እስቲ ንገሪን» እያሉ ሰላም ነሱኝ። እውነት ነው፣ ዋሽቻለሁ። የዋሸሁትም በአህያ ነው።

ያኔ ቤታችን ከጋፋት በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ነበር። መንገዱ ዛሬ ጥሩ ነው ይላሉ፤ በኛ ጊዜ ፍየልም አስባ ነበር የምትወጣው። ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ምንጭ። ከጓሯችን በላይ የጣት ውፍረት ያላት ምንጭ ነበረችን፤ በበጋ ሰባት ቤት ከሷ ይጠጣል።

አንድ ቀን ከግብርና የመጣ ወጣት ጅረት የሚነሳበትን ቦታ ሁሉ በወረቀት ሊስል ነው ተባለ። እኛ ሴቶቹ ተማከርን። ላም ተጻፈ፣ ግብር መጣ፤ ጎረምሳ ተጻፈ፣ ዘመቻ መጣ። ምንጭ ቢጻፍ ደግሞ ምን ሊመጣ ነው? ሌሎቹም በየጓሯቸው ምንጭ ነበራቸውና፣ እያንዳንዳችን የምንጫችንን አፍ በቅጠልና በድንጋይ ሸፈንን። እኔማ ከሁሉ ብልጥ ነኝና አህያዬን እላዩ ላይ አሰርኩ።

ሰውየው መጥቶ አህያዋን አያት።

«እትዬ፣ ይቺ አህያ ጭቃ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«ሙቀት አትወድም።»

«እዚህ ምንጭ የለም?»

«ኧረ ከየት መጥቶ።»

ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

በማግስቱ በጠዋት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሰበሰበንና ነገሩን አፈረጠው። ካርታው ላይ የገባ ጅረት ግራና ቀኙ ሃያ እርምጃ እንዳይታረስ፣ ባሕር ዛፍም እንዳይተከልበት በሕግ ይከለከላል። ያልገባው ተዳፋት ግን ለባሕር ዛፍ ተመድቧል። ባሕር ዛፍ ሥሩን ከሰደደ የኛን ምንጭ ለቁርስም አይበቃው። ሰባት ቤት ሙሉ በኔ ብልጠት ወንዝ ሊወርድ ነው። ሰውየውም ነገ ወደ ደብረ ታቦር ይመለሳል አሉ።

ከስብሰባው ሮጬ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ወረቀቱን ሲጠቀልል ደረስኩበት።

«ወንድሜ፣ ምንጭ አለኝ።»

«ትናንት የለም ብለውኝ አልነበር?»

«ትናንት አልነበረም።»

«ባንድ ሌሊት ፈለቀ?»

«እግዚአብሔር ምን ይሳነዋል።»

መጠቅለሉን አላቆመም። «አንድ ምንጭ ብቻውን በሌሊት ፈለቀ ብዬ ብጽፍ አለቆቼ አብዷል ይሉኛል። ለጎረቤቶችዎም ፈልቆላቸው እንደሆነ ይጠይቁልኝ፤ ያኔ የእርስዎንም አብሬ እጽፋለሁ።»

በየቤቱ ዞርኩ። አንዷ «ያንቺ ስለተነቃብሽ የኔን ልታስይዢ ነው?» አለችኝ። ሌላዋ ባሏን ፈራች። የባሕር ዛፉን ነገር እየደጋገምኩ፣ እየለመንኩ፣ አምስት ሴቶች አወጣሁ። እኛ ድንጋይ ስናነሳ እሱ ሲስል ዋለ። በየምንጩ ላይ «ይሄም ትናንት ማታ ነው?» ይላል። «አዎ» እንላለን፣ ሳቃችንን በነጠላችን አፍነን።

የኔን መጨረሻ አደረገው። አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩ። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ ወዲያ ወዲህ አደረገና «ገብቷል» አለኝ። ፊደል ስለማልለይ አመንኩት። ባሕር ዛፉም ከኛ ተዳፋት ቀረ።

ደርግ ወድቆ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ያንን ሊቀመንበር አንበሳሜ ገበያ አገኘሁት፤ አርጅቶ በርበሬ ይሸምታል። ያን ቀን አነሳንና፣ «እስካሁን አልሰማሽም እንዴ?» አለኝ። ያ ወጣት የኔን ምንጭ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ከደጄ ዘወር እንዳለ ስሎት ኖሯል፤ የጠፉበት የጎረቤቶቼ አምስቱ ነበሩ።