ጠርጌ የመለስኳቸው ሰባት መጻሕፍት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጳጉሜ እዚህ ናይሮቢ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ከልጄ ጋር ስላልተስማማን ነው። እሷ ያንተ ነው ትለኛለች። እኔ የሷ ነው እላለሁ። አንባቢ ይፍረደን ብዬ ጻፍኩት።

እኔ መካኒክ ነበርኩ። አዲስ አበባ ጀምሬ ናይሮቢ ጨረስኩ፤ አርባ ዓመት የሰው መኪና ሥር ተኝቼ ነው የኖርኩት። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አማርኛ እንደ ነገሩ አነባለሁ፣ ቁጥር አውቃለሁ። እንግሊዝኛ ግን የመኪና ዕቃ ስም ካልሆነ አይገባኝም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ካረፈች ወዲህ ካሳራኒ በሚባል ሰፈር ከልጄ ከሰላማዊት ጋር ነው የምኖረው።

ሰላማዊት ዩኒቨርሲቲ ለዶክተርነት ታጠናለች። የሕክምናው ዶክተር አይደለም፣ የአፈር ነው። ጋራዥ ደጅ የሚፈሰው የተቃጠለ ዘይት አፈሩን ምን እንደሚያደርገው ነው ጥናቷ። እኔ አርባ ዓመት ያፈሰስኩትን ዘይት እሷ አራት ዓመት ስታጠናው፣ አንድ ቀን እንኳ "አባዬ፣ የት የት ነው ያፈሰስከው?" ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ይሁን።

በዚያ ሰሞን አንድ ምዕራፍ ጽፋ ለአማካሪዋ ልትሰጥ ቀን ተቆርጦባት ነበር። ሰኞ ነው። ሰውየው ማክሰኞ ውጭ አገር ይሄዳል፣ ከስምንት ወር በፊት አይመለስም። ሰኞ ካላደረሰች ስምንት ወር እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ነው። ይህን ደጋግማ ነግራኛለች። አላወቅሁም ነበር ብዬ አልዋሽም።

ቀኑ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ አፈር ልትሰበስብ ናኩሩ የሚባል ከተማ ሄደች። ረቡዕ እመለሳለሁ አለችኝ። በር ላይ ቆማ፣

"አባዬ፣ ጠረጴዛዬን እንዳትነካ" አለች።

ጠረጴዛውን አልነካሁም። መጻሕፍቱን ነው የነካሁት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ቁጭ ብያለሁ። ጠረጴዛዋ ላይ ሰባት ወፋፍራም መጻሕፍት ተደርድረዋል። አንዱን ገለጥኩት። መጨረሻው ገጽ ላይ የቤተ መጻሕፍቱ ማኅተም አለ፣ ማኅተሙ ውስጥ የመመለሻው ቀን ተመትቷል። ቁጥር አውቃለሁ ብያችኋለሁ። ቀኑ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል! ሁለተኛውን አየሁ፣ ያው ነው። ሰባቱም አልፎባቸዋል።

ደሜ ፈላ። እንቁጣጣሽ ሊሆን አራት ቀን ነው የቀረው። እኛ ቤት የሰው ዕቃ ተይዞ አዲስ ዓመት አይገባም። ባለቤቴ ጳጉሜ በገባ ቁጥር የጎረቤት ወንፊት ሳይቀር እየፈለገች ትመልስ ነበር። የሷ ልጅ ደግሞ ሰባት መጽሐፍ አስቀርታ ናኩሩ አፈር ትዝቃለች።

መመለስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከፋ። ግን እኔን ያሳደገኝ ጋራዥ ሕግ አለው። የተዋስከውን የብሎን ቁልፍ ከነግራሶው አትመልስም። በቤንዚን ጨርቅ ጠርገህ፣ ከወሰድከው አሳምረህ ነው የምትመልሰው። አቆሽሾ የመለሰ ሰው ሁለተኛ አይዋስም። የሰላማዊት መጻሕፍት ደግሞ ቆሽሸው ነበር። በየገጹ ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ ትንንሽ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ዳር ዳሩ በእርሳስ ተጫጭሯል። ዶሮ የተራመደችበት ነው የሚመስለው።

እሑድና ሰኞ ቁጭ ብዬ ጠረግኋቸው። እርሳሱን በላጲስ አጠፋሁ። የሷ ይሁን ከሷ በፊት የተዋሰ ሰው ይሁን አልለየሁም፣ ሁሉንም አጠፋሁ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ደግሞ እንደ ቆሻሻ አይጣልም። ስለዚህ የቴሌቪዥን ካርቶን ክዳን አምጥቼ በነቀልኩበት ተራ ለጠፍኳቸው። መካኒክ የሆነ ያውቀዋል። ሞተር ስትፈታ የቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን ማለቴ ነው፣ ብሎኖች ካርቶን ላይ በተራ ትወጋቸዋለህ፣ ስትገጥም እያንዳንዱ ወደ መጣበት እንዲገባ። የአንዱ መጽሐፍ አንድ መስመር፣ የሁለተኛው ሌላ መስመር እያልኩ ሰባት መስመር ሆነ። አስቤ አይደለም። እጄ ነው ያደረገው።

ማክሰኞ መጻሕፍቱን በሸራ ቦርሳ ይዤ ተነሣሁ። የተዋሱት ሳህን ባዶ አይመለስምና አንድ ፌስታል ቆሎ ጨመርኩበት። ማታቱ ይዤ፣ እዚህ ሚኒባስ ታክሲን እንዲህ ነው የሚሉት፣ ዩኒቨርሲቲው በር ስደርስ ዘበኛው ቦርሳዬን ከፈተ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ገብስ ነው።"

"ለማን?"

"ለመጻሕፍቱ።"

ትንሽ አየኝና አሳለፈኝ። ሽማግሌ መሆን አንዳንዴ ይጠቅማል።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መጽሐፍ የሚጨመርበት ሳጥን አለ። ለሳጥን አልሰጥም አልኩ። ዕቃ የሚመለሰው በሰው እጅ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ስወጣ በሩ ወለል ያለ አንድ ቢሮ አገኘሁ። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ብቻዋን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች። ማማ ዋንጂኩ ትባላለች፣ በኋላ ነው ስሟን ያወቅሁት። በጋራዥ ስዋሂሊዬ መጽሐፍ ልመልስ መጥቻለሁ አልኳት።

"ምዜ፣ መመለሻው ታች ነው" አለችኝ። ምዜ የሚሉት እዚህ ሽማግሌን ሲያከብሩ ነው። "ይሄ ተመራማሪዎችን የምንረዳበት ቢሮ ነው።"

"ምናቸውን ነው የምትረዱት?"

"የሚፈልጉትን እናፈላልጋለን። እኛ ጋ የሌለውን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ እናስመጣለን። ያነበቡት እንዳይጠፋባቸው አያያዙን እናሳያለን።"

"ዛሬ ስንት ሰው መጣ?"

ግራ ቀኝ አየች። "እርስዎ" አለችኝ።

በሆዴ ሳቅሁ። ለመፈለግ ደመወዝ! ጋራዥ ውስጥ ብሎን ጥሎ የሚፈልግ ሰው ይሰደባል እንጂ አይከፈለውም።

መጻሕፍቱን ተቀበለችኝ። አንዱን ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ "በሥራ ዘመኔ እንዲህ ጸድቶ የተመለሰ መጽሐፍ አላየሁም" አለች። ቆሎውንም ተቀበለች። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ረቡዕ ወደ ማታ ሰላማዊት ጫማዋ አፈር እንደለበሰ መጣች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ጠረጴዛው ላይ አፈጠጠች።

"አባዬ፣ መጻሕፍቶቼስ?"

"መለስኳቸው። ቀናቸው አልፎ ነበር። መጀመሪያ ሻይ ጠጪ፣ ምስጋናው ይደርሳል።"

"አላለፈም! በስልኬ አሳድሼዋለሁ እኮ፣ ኦንላይን!"

"ማኅተሙ እንደዚያ አይልም።"

"ማኅተሙን ማን ያየዋል አባዬ! ቆይ፣ ስቲከሮቹስ?"

"ጠረግኋቸው።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተናገረች። አልገባኝም፣ ባይገባኝም ይሻላል።

ካርቶኑን አምጥቼ ፊቷ አቆምኩት። "አንድም አልጠፋም" አልኩ።

"ገጹስ?" አለችኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሦስት አራት ቃል ብቻ ነው። የገጹን ቁጥር አልጻፈችበትም፤ ወረቀቱ ራሱ ገጹ ላይ ተለጥፎ የለም እንዴ! በምዕራፉ ውስጥ ለተናገረችው ነገር ሁሉ ደግሞ ይሄ ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከስንተኛው ገጽ መጣ ብላ ማሳየት አለባት። አለዚያ አማካሪው አይቀበላትም። ወረቀቶቹ ከሁለት መቶ በላይ ናቸው። ሰኞ ሊደርስ አራት ቀን ነው።

"ለመፈለግ የሚከፈላት ሴት አለች" አልኳት።

"የት?"

"ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ። ሁለተኛ ፎቅ።"

"አራት ዓመት ተመላልሼበታለሁ አባዬ። እንደዚህ ያለ ቢሮ የለም።"

"እንዴት የለም? ቆሎዬን ተቀብላኛለች እኮ!"

በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነበር። ሰው ዶሮውን ሲበላ እኛ ማታቱ ውስጥ ነበርን። ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ ስቀመጥ ረዳቱ፣ "ምዜ፣ ቴሌቪዥኑስ?" ብሎ አሳቀብኝ። ሰላማዊት አልሳቀችም።

ማማ ዋንጂኩ መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ ካርቶኑን መስመር በመስመር አየችው።

"ይሄን ማን ሠራው?"

ልጄ ሌባ እንደሚጠቁም ሰው በጣቷ አሳየችኝ።

"ተራው ትክክል ነው ምዜ?"

"እንደ ሞተር ብሎን ነው የደረደርኩት። ተራ አልሳሳትም።"

"እንግዲያው ግማሹ ሥራ አልቋል" አለች።

አሠራሯ እንዲህ ነበር። አምስቱ መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ውስጥም አሉ። ሰላማዊት ወረቀቱ ላይ ያለውን ታነባለች፣ ማማ ዋንጂኩ ቃሉን ትመታለች፣ ኮምፒውተሩ ቃሉ ያለባቸውን ገጾች ያወጣል። በካርቶኑ ተራ ይሄኛው ወረቀት ከፊተኛው በኋላ፣ ከሚቀጥለው በፊት መሆን አለበትና የማይሆኑት ገጾች ይወድቃሉ። ሁለት ሦስት ገጽ ሲቀር ሰላማዊት አንብባ "ይሄ ነው" ትላለች። ወዲያው መጽሐፉና ገጹ እንዲህ ያለውን መዝግቦ የሚይዝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ ይገባል፣ ማንም ጠራጊ አባት እንዳይደርስበት።

ስድስተኛውን ከመደርደሪያ አምጥተን በእጅ ገለጥነው። ሰባተኛውን ግን በዚያው ጠዋት ሌላ ሰው ተውሶታል። እንዲያ ንጹሕ ሆኖ ማን ይተወዋል! ማማ ዋንጂኩ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ደወለች። እንደሷ ያለች ሴት እዚያም አለች ማለት ነው። የሚያስፈልጉትን ገጾች ፎቶ አንሥተው ቅዳሜ ጠዋት ላኩላት።

የኔ ሥራ ከካርቶኑ በተራ እየነቀሉ መስጠት ነበር። ማማ ዋንጂኩ "ቀጥል" ትላለች፣ አቀብላለሁ። ዕድሜ ልኬን ከመኪና ሥር ሆኜ "ቁልፍ አቀብል!" ስል ኖሬ፣ በሰባ ሁለት ዓመቴ አቀባይ ሆንኩ። ግድግዳው ላይ መብላት ክልክል ነው የሚል ሥዕል ተለጥፏል። ማማ ዋንጂኩ ከሥሩ ተቀምጣ ቆሎዬን ከመሳቢያዋ እየዘገነች ትበላለች።

አርብ ዕለት ልጄን አንድ ነገር ጠየቀቻት።

"በዚህ በር ስንት ጊዜ አልፈሻል?"

"ሁልጊዜ። ፎቶ ኮፒው እዚያ ማዶ ነው።"

"በሩ ላይ ምን እንደተጻፈ አንብበሽ ታውቂያለሽ?"

ሰላማዊት ዞራ በሩን አየች።

"አባትሽ ሳያነብ ገባ" አለቻት።

ልጄ ልትቆጣ አሰበችና ሳቀች። ከረቡዕ ወዲህ ስትስቅ ያኔ ነው ያየኋት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ገባ፣ አንድ ወረቀት ብቻ ቀረ። "ይሄ ይቅር፣ ይበቃል" አሉ ሁለቱም። አይሆንም አልኩ። ብሎን ተርፎ ሞተር አይዘጋም፤ ብሎን ተረፈ ማለት አንድ ቦታ ጉድ አለ ማለት ነው። ተሟገትኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ አስፈለግኋቸው። በመጨረሻ ሰላማዊት ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችና፣ "አባዬ፣ ይሄ የኔ ጽሕፈት አይደለም" አለች። ከሷ በፊት መጽሐፉን የተዋሰ ሰው ትቶት የሄደው ነው። እሱም ሳይጠርግ ነው የመለሰው። ይሄን አስተያየት ስሰጥ ማንም አልሰማኝም።

ሰኞ ምዕራፉ ደረሰ። ሰውየው ይዞት ሄደ። ከሳምንታት በኋላ ከውጭ አገር ጽፎላታል። ስለ አፈሩ ብዙ ነቅፏታል አሉ፤ ግን ማስረጃዎችሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በተራቸው ተቀምጠው አየሁ ብሏል። በተራቸው! ያን ተራ ማን እንዳስያዘው ልጄ መልሳ አልጻፈችለትም።

ማማ ዋንጂኩ ካርቶኑን ለቢሮዬ ተዉልኝ ብላ ወስዳዋለች። አሁን ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል። አዲስ ተመራማሪ ሲመጣ ታሳየዋለች አሉ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ሦስተኛ ክፍል ያቆምኩት ሰው፣ ሥራዬ ዩኒቨርሲቲ ገባ ማለት ነው።

"ምን ብላ ነው የምታስተምርበት?" ብዬ ሰላማዊትን ጠየቅኋት።

"ቤታችሁ አባት ካለ የገጹን ቁጥር ጻፉ ነው የምትላቸው።"

ሁለት ቀን ያህል ተቀየምኩ። ከዚያ ሳስበው ሴትዮዋ እውነቷን ነው። እንቁጣጣሽን ሳልበላ የዋልኩባት ቢሮ ናት፣ ክፉ አይወጣኝም። በየወሩ በልጄ እጅ ቆሎ እልክላታለሁ። ለመፈለግ ደመወዝ ይከፈላል እንዴ ብዬ መሳቄንም ትቻለሁ። ይከፈል።

ጥፋቱን ግን አልቀበልም። ማኅተሙ ላይ ቀን ከመቱ ሲታደስም ይምቱበት።

ይህን ስጽፍ ሰላማዊት ወጥታለች። ጠረጴዛዋ ላይ አዲስ አራት መጻሕፍት አሉ። ማኅተሙን አይቻለሁ፣ ቀኑ አልፏል። በስልኳ አሳድሳዋለች፣ ነግራኛለች፣ እጄን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ። ብቻ አንደኛው ሽፋኑ ላይ የሻይ ምልክት አለበት። እያየሁት ነው።