አልታጠፍ ያለ አንገት

ሰውዬውን ሰፈሩ «ግርማዊ» ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ደመወዝ ከፋዩና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ ሚስቱም ብትሆን የምትጠራበት ስትቆጣ ነው። በወጣትነቱ ግድግዳ ለሳኝ ነበር። አንድ ቀን የከተማውን ቲያትር ቤት ጣሪያ ሊለስን መሰላል ላይ እንደወጣ፣ ከታች ተዋንያኑ በአንድ ዘውድ ሲጨቃጨቁ ሰማ። ዘውዱ ከነሐስ የተሠራ፣ ድስት የሚያክል ነገር ነው። የሞከረው ሁሉ እስከ አፍንጫው ይሰምጥበታል። የዚያን ጊዜው አዘጋጅ ተስፋ ቆርጦ ቀና ሲል፣ ዓይኑ መሰላሉ ላይ ካለው ትልቅ ጭንቅላት ላይ አረፈ።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ውረድ» አለው።

ግርማዊ በልስን እንደተለወሰ ወረደ። ዘውዱ ልክክ አለለት። በቃ፣ ነገሠ።

ሥራውን ግን እንደ ዋዛ አልያዘውም። የሚጫወተውን ንጉሥ የሕይወት ታሪክ ከመጻሕፍት አከራይ ተከራይቶ ከልደት እስከ ቀብር ሳያነብ መድረክ አይወጣም። ችግሩ፣ ያነበበውን መድረኩ ላይ ትቶት አይመጣም። ዩልዮስ ቄሳር መላጣውን ለመሸፈን ፀጉሩን ወደ ፊት ያበጥር እንደነበር ያነበበ ሰሞን፣ እሱም ጎፈሬውን በዓይኑ ላይ ደፍቶ መንገድ የሚሻገረው በግምት ሆነ። ናፖሊዮንን ሲሆን አንድ እጁን ከኮቱ ውስጥ አላወጣም ብሎ፣ የድንቹን ዘንቢል ሚስቱ ብቻዋን ተሸከመች። አውግስጦስ ቄሳር ነጎድጓድ እንደሚፈራ ሲያነብ ደግሞ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር መግባት ጀመረ። የታላቁ ጴጥሮስ ጊዜ ግን ከሁሉም የከፋ ነበር። ያ የሩሲያ ንጉሥ የሰው ጥርስ በገዛ እጁ መንቀል ይወድ ነበር። ግርማዊም ጉጠት በኪሱ ይዞ ሰው እስኪያዛጋ ማድባት ያዘ። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ፣ የቀሯቸውን ጥቂት ጥርሶች ለማትረፍ፣ ቲያትሩ እስኪያበቃ ድረስ አፋቸውን በሻርፕ ጠምጥመው ከረሙ።

ይህ ሁሉ ከቲያትሩ ጋር እየመጣ ይሄዳል። አልሄድ ያለው አንገቱ ነው። ዘውዱ ከባድ ነው፤ አንገት ትንሽ ዘንበል ካለ ተንከባሎ ፊት ወንበር ላይ ያለ ሰው ጭን ላይ ያርፋል። ስለዚህ ግርማዊ አንገቱን እንደ ምሰሶ አቁሞ መኖር ለመደ። የጫማውን ክር የሚያስረው እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ነው። ሾርባ ሲጠጣ እሱ ወደ ሳህኑ አይወርድም፤ ሳህኑ ነው ወደ እሱ የሚወጣው። ዕቃ ከወደቀበትም አጠገቡ ይቆምና ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ባረጀበት ጊዜ በረኛ ሁን የተባለው።

አዲሷ አዘጋጅ እርሳስ የምታኝክ ወጣት ናት። ለአዲሱ ቲያትር ንግሥናውን የሰጠችው በጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ለታወቀ፣ «ፈገግታው» ለሚሉት ልጅ ነው። ዘውዱንም በልኩ ከካርቶን አሠራችለት። ለግርማዊ የደረሰው በር መክፈት፣ ጎንበስ ማለት፣ «ንጉሥ ሆይ፣ ሚኒስትሩ ደጅ ናቸው» ማለትና መውጣት ነው። አለቀ።

በመጀመሪያው ልምምድ ግርማዊ በሩን ከፍቶ ገባ። ፈገግታው ከዙፋኑ ብድግ አለ። አጃቢዎቹም ተከትለውት ብድግ አሉ።

«ቁጭ በል እንጂ! ንጉሡ እኮ አንተ ነህ» አለች አዘጋጇ።

«አውቃለሁ» አለ ፈገግታው አፍሮ፤ «እግሬ ነው ሳያማክረኝ የተነሳው።»

ደገሙት። አሁንም ተነሱ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከሩት፤ መብራት የሚያበራው ሰው ሳይቀር ቆመ።

«ጋሼ፣ ችግሩ እርስዎ ጋ ነው። ጎንበስ ይበሉ እንጂ!»

«አጎንብሻለሁ።»

«የት ጋ?»

«በውስጤ።»

«ተመልካቹ ራጅ ይዞ አይመጣም፣ ጋሼ» አለች እርሳሷን ከአፏ አውጥታ። ቀጥላም ድምጿን አለሰለሰች። «ቅር አይበልዎት። በሚቀጥለው ልምምድ ካልሆነልዎት ትኬት መቁረጫው ጋ ሰው ያስፈልገናል። እዚያ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ይቻላል።»

ትኬት መቁረጫው ከአዳራሹ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ግድግዳውን የለሰነው ራሱ ነው፤ ምን ያህል ስስ እንደሆነም ያውቃል። ጭብጨባው በዚያ በኩል እየተሰማው፣ እሱ በመስኮት መልስ ሲቆጥር ታየው። በዚያች ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ አንገቱ እንደወትሮው ቀጥ ብሎ ነበር፤ ፊቱ ግን ወድቆ ነበር።

ሚስቱ ሕፃናት የምትከትብ ነርስ ናት። እያለቀሱ የመጡትን እያሳቀች፣ እየሳቁ የመጡትን እያስለቀሰች መላክ ሥራዋ ስለሆነ፣ ይህም አላስደነገጣት። የድስት ክዳን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ወንበር ላይ ተሰየመች።

«ና ግባ፣ በረኛ!»

ግርማዊ ከጓዳ በር ገባ። ደረቱን ነፍቶ ቆመ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልታጎነብስልኝ ነው ወይስ ልትሾመኝ?»

«ቆይ፣ እየመጣ ነው።»

«ምኑ?»

«ጉንበሳው።»

አማቱ ከአልጋቸው ላይ ሆነው «ምን ሁን ነው ያሉት?» ብለው ጠየቁ። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል።

«በረኛ!» አለች ልጃቸው ጮክ ብላ።

«በዚህ ዕድሜው? ኳሱ ሲመጣ ማን ይወድቅለታል!»

ጉልበቱን አጥፎ ሞከረ፤ ወንበር አጥቶ ሊቀመጥ የፈለገ ሰው መሰለ። ከወገቡ ሲሞክር ወገቡ ሄደ፣ አንገቱ ቀረ። ሚስቱ እንዳይከፋው ሳቋን ዋጥ ልታደርግ ስትታገል ክዳኑ ከራሷ ላይ ወደቀ። እሱም አጠገቡ ቆሞ የሚያነሳለት ሰው መጠበቅ ጀመረ።

ሲነጋ ግርማዊ አቤት ሊል ቲያትር ቤቱን ወደሚያስተዳድሩት ኃላፊ ቢሮ ሄደ። «የነሐሱ ዘውድ እያለ ካርቶን መንገሡ ተገቢ አይደለም» ብሎ ሊናገር ንግግሩን አሰማምሮ ይዟል። በሩ አጠገብ ግን አንድ ቀጭን ሰውዬ ትንሽ ጠረጴዛ ይዞ ብርቱካን ይልጣል። ባለጉዳዮች ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ።

«ኃላፊውን ፈልጌ ነበር» አለ ግርማዊ በመድረክ ድምፁ።

ሰውዬው ዓይኑን ከብርቱካኑ ሳይነቅል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። የሚሰማ ነገር ግን አልወጣም።

«ምን አሉኝ?»

ከንፈሩ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ግርማዊ ቀረብ አለ። አልሰማም። ዝቅ አለ። አሁንም አልሰማም። ጆሮውን ሰውዬው አፍ ድረስ ሲያደርስ በመጨረሻ ተሰማው።

«ቀጠሮ አለህ?»

«የለኝም» አለ ግርማዊ፤ እሱም ሳይታወቀው ያንሾካሹካል። ከዚያ ድንገት ራሱን ታዘበ። አንገቱ ታጥፏል! ያንን ሁሉ ዘመን ማንም ያላጠፈውን አንገት፣ ብርቱካን የሚልጥ ሰው በሹክሹክታ አጠፈው።

ወዲያው ኃላፊው ከቢሯቸው ወጡ። ሰውዬው ከመቅጽበት ለሁለት ታጥፎ እጅ ነሳ።

«ሰው አለ?» አሉ ኃላፊው።

«ኧረ ማንም የለ፣ ጌታዬ» አለ ወለሉን እያየ። ግድግዳው ሙሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ኃላፊው ደስ ብሏቸው ቁርሳቸውን ሊበሉ ወረዱ።

ግርማዊ አቤቱታውን እንደያዘ ወጣ፤ ደረጃውን ግን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነበር የወረደው። ያ ሁሉ ያነበበው የነገሥታት ታሪክ ትዝ አለው። ማን ማንን እንዳሸነፈ ይናገራል፤ ማን ማንን እንዳስገባ ግን የሚናገር ገጽ አላጋጠመውም። ለካ የሚያጎነብሰው ሰው በሩን ይዞ ነው የሚያጎነብሰው!

በሚቀጥለው ልምምድ በሩን ቀስ አድርጎ ከፈተ። አዘጋጇ እርሳሷን ነከሰች። ግርማዊ ታጠፈ፤ ግንባሩ ጉልበቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ያስፈራ የነበረው ሰውነቱ ሁሉ እንደ ታጣፊ ወንበር ተሰበሰበ። ፈገግታው ለመጀመሪያ ጊዜ ዙፋኑ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሚኒስትሩ ደጅ ናቸው።»

ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። ሚኒስትሩን የሚጫወተው ተዋናይ ሊገባ ሲል መንገዱን ዘግቶ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ። ተዋናዩ ግራ ገብቶት ጆሮውን አቀረበ፣ ዝቅ አለ፣ ይበልጥ ዝቅ አለ። ፈገግታው ዙፋኑ ላይ ሆኖ በሳቅ ፈነዳ። የመብራቱ ሰውዬም ከላይ ሆኖ ሲስቅ መብራቱ ተንቀጠቀጠ።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ጽሑፉ ላይ የለችም» አለች አዘጋጇ።

«ላውጣት?»

«ኧረ እንዳይነኳት! ትኬት መቁረጫው ሌላ ሰው ይፈለግለታል።»

ግርማዊ ያን ቀን ቤቱ የገባው እየበረረ ነው። ሚስቱም ስትሰማ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ሳመችው፤ አሁን ስለሚታጠፍ አልተቸገረችም። ደስታዋ ግን እስከ ማግስቱ ጠዋት ብቻ ነው የቆየው። በማግስቱ አማቱ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ቤቱ ብቸኛ መታጠቢያ ክፍል ሲቻኮሉ፣ ግርማዊን በሩ ላይ ቆሞ አገኙት። እጅ ነሳቸውና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ምን አልክ?»

አንቀሳቀሰ።

«ልጄ፣ ኧረ ይህን ሰውዬ! ደግሞ ዛሬ ምን ሆነ?»

«በረኛ ነው እማዬ» አለች ሚስቱ ከኩሽና፤ «ቀጠሮ አለዎት ወይ እያለሽ ነው።»

«ለዚህኛው ጉዳይ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው አይቶ ያውቃል?»

ግርማዊ ጉዳያቸውን ሊጠይቅ ዝቅ አለ። እሳቸውም ለመስማት ዝቅ አሉ። እሱ ትንሽ ሲወርድ እሳቸው ትንሽ፣ እሱ ሲወርድ እሳቸውም ሲወርዱ ቆዩና፣ ድንገት በብብቱ ሥር ሾልከው ገቡ። መቀርቀሪያው ቀጭ አለ።

ሚስቱ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ አለች። «አንድም ቀን ሳትሠራ ከበረኝነትህ ተሻርክ!» አለችው።

ከውስጥ የውኃ ድምፅ ተሰማ። ከዚያም የአማቱ ድምፅ፣ ለከባድ ጆሮ እንደሚሆን ጮክ ብሎ መጣ።

«አንተ በረኛ! እኔ እስክወጣ ማንንም እንዳታስገባ!»

ግርማዊ ለተዘጋው በር ለሁለት ታጥፎ እጅ ነሳ።

«እሺ፣ እመቤቴ» አለ፤ ሚስቱም ሳሙናዋን ይዛ ብቅ ስትል ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ።