የሸረሪት ሽንት

በክረምቱ ማብቂያ አክስቴን ልጠይቅ ከቢቸና ሞጣ ሄድኩ። በማግስቱ የግንባሬ ግራ በኩል ይጠዘጥዘኝ ጀመር፤ ብዙም ሳይቆይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ከፀጉሬ ሥር እስከ ዓይኔ ሽፋን ወረደ። አክስቴ ከአልጋዬ በላይ፣ ጣሪያው ጥግ ያደራችውን ሸረሪት ቀና ብለው አዩና ምርመራውን ጨረሱ።

«ሸንታብሽ ነው» አሉ።

ሸረሪት ሸንታ ፊት ታቃጥላለች ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ይቺው ሸረሪት በክሯ ስትወርድ እንግዳ ይመጣል ይባላል፤ ድሯ የተቆረጠ ጣት ላይ ሲለጠፍም ደም ያቆማል ይባላል። አተር ለማታህል ፍጥረት ሥራ በዝቶባታል።

አክስቴ ድሩን በመጥረጊያ አወረዱ፣ የድሩን ባለቤትም በነጠላ ጫማ ጨረሷት። ከዚያ እኔን ጓዳ አስገቡኝ። የሸረሪት ሽንት ፀሐይ ካየው ይብሳል ብለው መስኮቱን በጋቢ ሸፈኑ፣ በሩንም ዘጉ። ጧትና ማታ የዳማከሴ ጭማቂ ይቀቡኛል።

ጎረቤት ያለች ነርስ በስንት ልመና ተፈቅዶላት ገባች። አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በሽታ ነው፣ ሸረሪት የለችበትም አለች። ያላትን ኪኒን ሰጠችኝና፣ ዓይኔ አጠገብ ስለሆነ ባሕር ዳር ሄጄ የዓይን ሐኪም ቶሎ ካላየኝ ብርሃኔን ሊወስደው እንደሚችል ነገረችን። መንገዱ ግን ያን ሰሞን ተዘግቶ ነበር። አክስቴ በፊቷ እሺ ብለው፣ ስትወጣ ጋቢውን አጠበቁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን የተደበቅሁት እኔ ነበርኩ።

ተናደድኩ፣ ፈራሁም። ቢቸና አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ የማሰኝ መምህርት፣ እዚህ ሽንት ቤት ለመሄድ ፀሐይ እስክትጠልቅ እጠብቃለሁ። በደህናው ዓይኔ ጥጉን ስቃኝ ሌላ ሸረሪት ድር ጀምራ አየሁ። ለአክስቴ አልተናገርኩባትም።

አንድ ጧት ከመናኸሪያው በኩል የሚኒባስ ረዳት ባሕር ዳር እያለ ሲጣራ ሰማሁ። መንገዱ ተከፍቷል። ጫማዬን ጠየቅሁ፤ አክስቴ በሩን ይዘው ቆሙ። ይሄ ሁሉ ፀሐይ እያለ የት ልትሄጂ ነው ብለው ተቆጡ።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «በግራ ዓይኔ እርስዎን አላይዎትም።»

በሩን ለቀቁት። ከዚያ ጫማዬን ከአልጋቸው ሥር አወጡልኝ፣ ራሴን በነጠላ ጠቀለሉልኝ፣ አብረውኝም ተሳፈሩ። መንገዱን ሁሉ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ፀሐዩን በመዳፋቸው ሲከልሉልኝ ዋሉ።

ሐኪሙ ደህናውን ዓይኔን ሸፈነና ጣቶቹን ከፊቴ አንሥቶ ስንት እንደሆኑ ጠየቀኝ። የሚታየኝ ጭጋግ ብቻ ነው። አክስቴ ከኋላዬ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ሁለት በይ» አሉኝ በሹክሹክታ።